ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መደነስ ክልክል ነው

መርከቧ የፓናማን ቦይ አልፋ ሰፊው ውቅያኖስ ውስጥ ከገባች ወዲህ የተሳፋሪው ሁሉ ፊት በርቷል። ወደብ የለም። አውቶቡስ ለመያዝ መጋፋት፣ ገበያ መሃል ቦርሳ ጨብጦ መዞር፣ መርከቧ ጥላን ትሄዳለች ብሎ መሮጥ የለም። ጠዋት በረንዳውን በእግር መዞር፣ ረፋድ ላይ ትኩስ የሥጋ መረቅ፣ ቀጥሎ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ከምሳ በኋላ ብርድ ልብስ ጭን ላይ ጥሎ ማንቀላፋት ነው። እንግሊዝ አገር ዝናብ መስኮታቸውን ሲደበድብ የሚያልሙት ይህንኑ ነው። «ወደብ የሚሉት ነገር ባይኖር ጉዞ ምንኛ ባማረ!» ይባባላሉ።

ለሌስሊ ታፕሎው ግን እረፍቱ የወደብ ቀን ነው። ባሕር ላይ ሲሆኑ ይደንሳል። ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲጠጣ ይደንሳል፣ ከእራት በኋላም ይደንሳል። ሥራው ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ ባላቸውን የቀበሩ ሴቶች ይበዛሉ፤ የሚያስደንሳቸው ወንድ አይገኝም። ስለዚህ መርከቧ እንደ ሌስሊ ያሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ዋልስ የሚባለውን የጥንድ ዳንስ የሚችሉ ወንዶች ይዛ ትጓዛለች። ደሞዝ የለውም፤ አልጋና ምግብ ብቻ። ደንቡ አጭር ነው። የጠየቀችህን ሴት እምቢ አትበል። ከአንዷ ጋር ሁለት ጊዜ ተከታትለህ አትደንስ።

ሌስሊ ግሪምዝቢ ከተማ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነበር። ሚስቱ ስትሞት የኪራይ ቤቱን ለቀቀ፣ ዕቃውን ሸጠ፣ ከመርከብ መርከብ እየተዘዋወረ መኖር ጀመረ። ከአንዱ ጉዞ እስከ ሌላው የሚያድረው የእህቱ ልጅ ሳሎን ውስጥ፣ የሚታጠፍ አልጋ ላይ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም። «አጎቴ፣ ቀጣዩ መርከብ መቼ ነው?» ትለዋለች፤ ሻንጣው ገና ሳይፈታ።

በዚህ ጉዞ ግራ ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ ያወቀበት መስኮት የሌላትን ክፍል የሚጋራው ኮሊን ብራትቢ ነው። እሱም አስደናሽ ነው፤ ቀድሞ ሥጋ ቤት ነበረው።

«አንተ ሌስ፣ ያ ጉልበትህ እንደ አሮጌ የአጥር በር ይንቋቋል። ታች ሆነህ እኔን ላይኛው አልጋ ድረስ ይቀሰቅሰኛል።»

«በዚያ ማንኮራፋትህ መሃል መስማትህ ነው የሚገርመኝ።»

«እኔ መገጣጠሚያ አውቃለሁ፣ ወዳጄ። ይሄ ለሾርባ እንጂ ለዋልስ አይሆንም።»

«ለጌይኖር ትነግራታለህ?»

«አብደሃል? አንተ ከመርከቧ ከወረድክ ሚስስ ክራዶክን ማስደነስ ለእኔ ሊተርፍ?»

ጌይኖር የመዝናኛው ኃላፊ ናት፤ ወጣት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ። የአስደናሾች መኖርና መውረድ በእሷ እጅ ነው።

ሁለተኛዋ ያወቀች ዶሪን አስክዊዝ ናት። የሃሊፋክስ ሴት ናት፤ ከባሏ ጋር ዳቦ ቤት ነበራቸው፤ ባሏን ባለፈው ክረምት ቀብራለች። አንድ ቀን ዋልስ ላይ ሲዞሩ የሌስሊ እግር ከሥሩ ሸሸ። ዶሪን በአንድ ክንዷ ያዘችው፤ ያየ ሰው አልነበረም። ሙዚቃው ሲያልቅ ጠጋ አለችው።

«ግራው ነው አይደል?»

«ምኑ?»

«አትቀልድብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የዱቄት ከረጢት የተሸከምኩ ሴት ነኝ፤ ክብደት ሲያጋድል አውቃለሁ። ስንዞር እኔ ላይ ጣለው።»

ጣለው። ከእሷ ጋር ሲደንስ ሕመሙ ይረሳል፤ ከሌሎቹ ጋር ጥርሱን ነክሶ ይጨርሳል። ከሁሉ የሚፈራው ሚስስ ክራዶክን ነው። ሰውን እንደ ዕቃ ጋሪ እየገፋች ነው የምትደንሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ተነሣ፤ ወለሉ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሌስሊ ከዶሪን ጋር አንዱን ዳንስ እንደጨረሰ ፈጣን ሙዚቃ ተጀመረ፤ ሚስስ ክራዶክም ከወንበሯ ተነሥታ ወደ እሱ መጣች። መምጣቷን አየ፤ ጉልበቱንም ያውቀዋል። መልሶ የዶሪንን እጅ ያዘ።

አዳራሹ አየ። ሹራብ የሚሠሩት ሴቶች መርፌያቸውን አቆሙ።

በማግስቱ ጌይኖር አስጠራችው።

«ሚስተር ታፕሎው፣ አቤቱታ መጥቶብዎታል። ከሚስስ አስክዊዝ ጋር የተለየ ነገር አለ እንዴ?»

ሌስሊ አሰበ። እውነቱን ከተናገረ ይወርዳል። ቢዋሽ ግን የሚያገኘው ቢበዛ ቁጣ ነው።

«ደስ የምትል ሴት ናት» አለ። «ራሴን ረሳሁ። አይደገምም።»

ጌይኖር ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሰው ነዎት፤ ይገባኛል። ለዛሬው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።»

ሌስሊ ቀለል ብሎት ወጣ። ኮሊን ክፍላቸው ውስጥ ጠበቀው። «ሚስስ ክራዶክ ‹ሽማግሌ ዱርዬ› ብላሃለች። ምነው እኔን እንዲህ የሚለኝ ባገኘሁ!»

የውሸቱን ዋጋ የከፈለችው ግን ዶሪን ናት። መርከብ ላይ ወሬ ከምግብ ቀድሞ ይደርሳል። ወደ ሹራብ ሠሪዎቹ ጠረጴዛ ስትሄድ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ቦርሳ ተቀምጧል። «ሰው አለበት» አሏት። የቦርሳው ባለቤት እስከ ምሳ አልመጣችም። ዶሪን ቀጥታ ወደ ጌይኖር ቢሮ ሄደች። ከዚያ ጉንጯ ቀልቶ በረንዳው ላይ ሌስሊን አገኘችው።

«አስተካከልኩት» አለችው።

«ምኑን?»

«ስማችንን ነዋ! ‹በእኔና በእሱ መሃል ምንም የለም። የሰውየው ጉልበት አልቋል፤ እኔ ካልደገፍኩት ይወድቃል› አልኳት። ደግ ልጅ ናት፤ እንባዋ መጣ። አሳርፈዋለሁ ብላኛለች።»

ሌስሊ የመረቁን ኩባያ አስቀመጠ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

«አመሰግናለሁ፣ ዶሪን» አላት።

የመርከቧ ሐኪም ጉልበቱን ተጫነው፣ አጠፈው፣ ራሱን ነቀነቀ። ጌይኖር ሌስሊን አስቀምጣ በለሰለሰ ድምፅ ነገረችው። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ወደብ ሲደርሱ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይመለሳል። እስከዚያ አንድም ዳንስ የለም። ይዟት የሚወድቀው ሴት ዳሌዋ ቢሰበር የምትጠየቀው ጌይኖር ናት።

«እስከዚያ እንደ እንግዳ ይሁኑ። በረንዳ ላይ ይቀመጡ፣ ባሕሩን ያጣጥሙ። ሰው ለዚህ ስንት ይከፍላል!»

«ብታከምስ? ለከርሞ?»

ጌይኖር ጫማዋን አየች። «ተራ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፣ ሚስተር ታፕሎው። ገና ጡረታ የወጡ።»

«እንግዲያው አንድ ዳንስ ብቻ ፍቀጂልኝ። ከዶሪን ጋር። እሷ ትይዘኛለች።»

ልጅቷ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። «እሺ። ረቡዕ ከሰዓት። አንድ ቀስ ያለ ዋልስ።»

ሌስሊ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ጌይኖር በዚህ ባሕር ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ መርከብ እዚህ ውቅያኖስ መሃል የቀን መለወጫውን መስመር ሲያቋርጥ ከቀን መቁጠሪያው አንድ ቀን ይጥላል፤ በዚህ ጉዞ ማክሰኞ ማታ የተኛ ሐሙስ ጠዋት ይነሣል። ረቡዕ የሚባል ቀን የለም። ቢነግራት ሐሙስ ትለው ነበር ይሆናል። ወይም ነገሩን ደግማ አስባ ትተወው ነበር። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር እየተንቀጠቀጠ ነው። «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ሌላው ተሳፋሪ ሆነ። ብርድ ልብስ አለበሱት፣ መረቅ አመጡለት። ስንት ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ ባሕሩን አይቶት አያውቅም ነበር፤ አሁን አየው። ውሃ ነው። ከአዳራሹ ሙዚቃ ሲመጣ ኮሊን በመስኮቱ በኩል ከሚስስ ክራዶክ ጋር ያልፋል፤ ፒያኖ የሚሸከም ሰው ይመስላል። ዶሪን ከሌስሊ ጎን ተቀምጣ ስለ ልብሷ ታወራለች። አረንጓዴውን አስተኩሳዋለች።

«ለረቡዕ» ትላለች።

«ያምርብሻል» ይላል።

ማክሰኞ ማታ እራት ላይ የካፒቴኑ ድምፅ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ወጣ። ነገ ሐሙስ ነው አለ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ልደቱ ረቡዕ የሚውል አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «እንግዲህ አላረጅም!» አለ፤ ባሰ ሳቁ። ዶሪን ብቻ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ሌስ፣ ታውቅ ነበር?»

«በዚህ ሳልፍ አራተኛዬ ነው።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው? ሐሙስ አድርጊልን እንላት ነበር እኮ! ቆይ፣ አሁኑኑ ሄጄ ልንገራት።»

ተነሥታ ነበር። ሌስሊ ክንዷን ያዘ።

«ዶሪን፣ እባክሽ። ከእንግዲህ ለማንም ምንም አትንገሪልኝ።»

ቆማ አየችው። ጌይኖር ዘንድ ሄዳ ስሟን ስታጠራ እሱን መኖሪያውን እንዳሳጣችው ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት ታየ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ባሕሩም ረግቷል። ሌስሊ በጊዜ ወጥቶ ከጎኑ ያለው የዶሪን ወንበር ላይ ፎጣ ጣለ፤ እዚያ ቦታ የሚያዘው እንዲያ ነው። መረቅ የሚያድለው አስተናጋጅ ኩባያውን ሰጠው።

«ዛሬም ግሩም ቀን ነው፣ ጌታዬ።»

«ግሩም ነው» አለ ሌስሊ።

እስከ ምሳ ድረስ ፎጣው ላይ ማንም አልተቀመጠም።