የናግላ ቁምሳጥን አራተኛ በር

እንኳን ደስ አለን! በሮቹ ተሰቀሉ። አራቱም፣ አንዱም ሳይቀር፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ተሰቀሉ። እልልታው ከወንዙ ማዶ ተሰምቷል ቢባል እኔ አልከራከርም። ጣፋጩም ታድሏል፤ ጣቶቼ ገና ከሽሮፑ ስላልተላቀቁ ብዕሩ እየተጣበቀ ያስቸግረኛል።

የማን በር ነው ትሉ ይሆናል። የናግላ ነው፤ የኡስታ ዋጊህ ልጅ የናግላ፣ የሙሽሪት የቁምሳጥን በር። ደስታው እንዲገባችሁ ግን ከኀፍረቱ መጀመር አለብኝ። ኀፍረቱ ደግሞ የአባትየው ነው።

ኡስታ ዋጊህ እዚህ ድምያጥ ውስጥ፣ ከእንጨት ሥራ ያልተዛመደ ቤት በማይገኝበት ከተማ፣ ቆራጭ ነው። በእኛ ሰፈር አናጺው ሌላ ነው፣ ቀለም ቀቢው ሌላ፣ ፖሊሽ መቺው ሌላ፣ ጨርቅ አልባሹ ሌላ። እያንዳንዱ ኡስታ፣ ማለት ባለሙያ፣ ድርሻውን ሠርቶ ለጎረቤቱ ያሳልፋል እንጂ ከደጁ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። የዋጊህ ድርሻ መቁረጥ ነው። ድሮ በመጋዝ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር በሚያዘው ማሽን ሆኗል። ሙሉው ጣውላ ይነጠፋል፣ የሚቆረጡት ቅርጾች በስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ፣ ማሽኑ ድርድሩን ተከትሎ ይቆርጣል። በመደርደር ደግሞ ዋጊህን የሚያህል የለም። የወንበር እግር በጠረጴዛ ቋሚዎች መካከል ይሸጉጣል፤ የመሳቢያ ፊት ያዞርና በአልጋ ራስጌ ጥምዝ ሥር ያስተኛል። ሌላው ግብፅ «የድምያጥ ሰው እንግዳ ሲመጣበት፣ ራት ትበላለህ ወይስ ሆድህ ቀለል ብሎህ ትተኛለህ ይላል» እያለ በስስታችን ሲያላግጥብን ሁላችንም እንቆጣለን። ዋጊህ ብቻ እንደተመሰገነ ሰው ፈገግ ይላል።

ከጣውላው የሚቀረው፣ ባለቤቱ ካልጠየቀው በቀር፣ የቆራጩ ነው። እንዲህ ነው ልማዱ። ናግላ በእግሯ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ዋጊህ ለሌሎች ሙሽሮች ዕቃ በቆረጠ ቁጥር ከቅሪቱ ደህና ደህናውን ይመርጥና «ይቺ የናግላ ናት» ብሎ ከጀርባው ግድግዳ ጋር ያቆማታል። በእኛ ዘንድ ቤቱ የሙሽራው፣ የቤቱ ዕቃ የሙሽሪት አባት ነውና ከወዲሁ ማሰቡ ነው። ሚስቱ ጉዳዩን እንደ ቀልድ ታየው ነበር። ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም። አቧራውን እያራገፈ፣ ከላዩ የተለበጠውን የዋልነት ልጣጭ ከቀለም ቀለም እያመሳሰለ፣ ልጁን እንደሚድር ሰው ያይ ነበር።

ናግላ አደገችና ከሙዓዝ ጋር ታጨች። ዕቃዬ ወርቅ ቅብ እንዳይሆን አለች፤ ወርቅ ቅብ ሲያዩ ማደግ ሰልችቷታል፤ እንጨቱ እንጨት ሆኖ ይታይልኝ አለች። ዋጊህ ደስ አለው። ቅሪቶቹ ቀናቸው ደረሰ። አልጋው ወጣ፣ መሳቢያዎቹ ወጡ፣ የቁምሳጥኑ ሦስት በሮች ወጡ። አራተኛው በር እንቢ አለ።

ዋጊህ በሩን በስክሪኑ ላይ ከዚህ ቅሪት ወደዚያ ቅሪት ሲያንከራትት ዋለ። የቀረው ሰፊ ቁራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ በወርዱ ይበቃል፣ በቁመቱ ያጥራል። በሩ ጋደም ካለ ግን ልክክ ይላል። በማሽኑ ፕሮግራም ውስጥ ቁራጩ እንዳይዞር፣ የእንጨቱም መስመር አቅጣጫውን እንዳይስት የምትከለክል አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። ዋጊህ ዕድሜውን ሁሉ ቀለም ለሚቀባ፣ ወርቅ ለሚለበጥ ዕቃ ነው የቆረጠው፤ እዚያ ላይ መስመሩ ቢቆም ቢተኛ ማንም አያየውም። ያቺን ምልክት አክብሯት አያውቅም። አጠፋት። በሩ ዞረ፤ እንደ ተለካ ጫማ ገባ።

እዚያው አጠገቡ አዲስ ሙሉ ጣውላ ቆሞ ነበር። ዋጊህ አየው። ካየውም በኋላ ፊቱን መለሰ። ፖሊሽ ያልነካው ልጣጭ ደብዛዛ ነው፤ መስመሩ ቢፈልጉትም በግድ ነው የሚታየው። «ቀለም ይሸፍነዋል» አለ ለራሱ። ቀለም እንደማይቀባ ረሳው። ፖሊሽ ደግሞ እንጨትን አይሸፍንም፤ ውኃ የነካው ጠጠር እንደሚያወጣው ቀለም፣ ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

ዕቃ የሚጓዝበት ቀን መጣ። ድምያጥ ውስጥ የሙሽራ ዕቃ ተሸፍኖ አይሄድም፤ በጭነት መኪና ላይ ተደርድሮ፣ ከበሮውና ዝርና የሚባለው መለከት ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ በአደባባይ ያልፋል። ሴቶቹ በሽንኩርት የተሞላውን ዳክዬ ምድጃው ላይ ትተው ሰገነት ላይ ወጡ። ቁምሳጥኑ ከፖሊሽ መቺው ከኡስታ ጋንዱር ደጅ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ወጣ።

ዋጊህ ያን ጊዜ አየው። በሦስቱ በሮች ላይ መስመሩ እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በአራተኛው ላይ ጋደም ብሏል። ሌላ ከተማ ቢሆን ልብ የሚለው ምናልባት አንድ ሰው ነበር። እዚህ ግን መንገዱ ዳርና ዳር የቆመው ሁሉ አናጺ ነው፤ አናጺ ያልሆነውም የአናጺ ልጅ ነው። ከዚያ ከአንዱ ሰገነት ላይ ድምፅ መጣ።

«ኡስታ ዋጊህ፣ ያቺኛዋ በር ራቷን ሳትበላ ነው እንዴ የተኛችው?»

ሳቁ ከሰገነት ሰገነት ዘለለ። ዋጊህ ጆሮው ነደደ፤ ላቡ በጀርባው ወረደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምርጫው ነበር። ጋንዱር ወዳጁ ነውና ሊያድነው ሞከረ፤ ፋሽን ነው እኮ፣ መጽሔት አታዩም እንዴ እያለ ተከራከረለት። እውነቱን ለመናገር ጋንዱር ራሱ ሲወለውለው ፋሽን መስሎት ነበር፤ የእሱ ድርሻ መወልወል ስለሆነ አልጠየቀም።

«አዎ፣ ፋሽን ነው» አለ ዋጊህ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ናግላ በጋንዱር ደጅ ደረጃ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብላ አየችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ አየችው ብቻ። ዋጊህ ከዚያ ወዲህ ከበሮውን አልሰማም። የሙሽራው ቤት እስኪደረስ ድረስ ዓይኑን ከመኪናው ጎማ ላይ አላነሣም።

በሙሽራው ደጅ የሙዓዝ እናት ሐጃ ኢንሺራሕ ቆመው ይጠብቃሉ። የእንጨት ቀራጭ ሚስት የነበሩ፣ አሁን ባልቴት፣ እጃቸው ከዓይናቸው ቀድሞ የሚያይ ሴት ናቸው። ቁምሳጥኑ ወረደ። መዳፋቸውን በመጀመሪያው በር ላይ ከላይ ወደ ታች አወረዱ፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው በራሱ ጊዜ ወደ ጎን ሄደ። ከበሮው ቆመ።

«ፋሽን ነው አሉኝ» አሉ። «አቡ ናግላ፣ እውነት ፋሽን ነው?»

ዋጊህ ሕዝቡን ተከትላ የመጣችውን ልጁን አያት። ፋሽን ነው ቢል ማንም አይከራከረውም፤ ዕቃው ይገባል፣ ቀኑ ያልፋል። ናግላ ግን ጠዋት ጠዋት ልብሷን ባወጣች ቁጥር በአማቷ ፊት ያን ውሸት ልትከፍትና ልትዘጋ ነው። አይደለም ቢል ደግሞ ሰርጉ እዚሁ ደጅ ላይ ሊቀር ይችላል።

«አይደለም ሐጃ» አለ። «ስስት ነው። የኔ ስስት ነው። ልጄ አታውቅም ነበር።»

ሐጃ ኢንሺራሕ መዳፋቸውን ከበሩ ላይ አነሡ።

«ስስቱንማ እናውቀዋለን፤ እኛስ ከየት መጣን?» አሉ። «ግን ሰው ስስቱን ጓዳ ያስቀምጣል እንጂ በሙሽራ በር ላይ ይሰቅላል?» ማንም አልሳቀም። በሩን ይዞ እንዲሄድ፣ ሌላው ዕቃ እንዲገባ፣ ናግላም ቁምሳጥኑ ሲሞላ እንድትገባ ተናገሩ። ጎዶሎ ቤት ምራት አላስገባም ብለው ጨረሱ።

ዋጊህ በሩን ፈትቶ ጀርባው ላይ አወጣው። በመጣበት መንገድ ሊመለስ ነው። እየሄደ ሳለ ሸክሙ ከኋላ ቀለለው። ዘወር ሲል ናግላ በሰማያዊ ቀሚሷ የበሩን ጫፍ ይዛለች። ሰፈሩ በዚህ ጊዜ አላሾፈም፤ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። ዋጊህ ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

መቁረጫ ቤቱ ሲደርሱ በሩን ከግድግዳው ጋር አቆሙት። ከየሙሽራው የቀሩት ቁርጥራጮች አሁንም እዚያ ተደርድረዋል። ናግላ አየቻቸው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ የኔ ናቸው?»

ያንቺ ናቸው አላት። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያስቀመጥኩልሽ ናቸው። የቱ ከማን ሰርግ እንደተረፈ አንድ ባንድ ያውቃቸው ነበር፤ ነገራት። ሲነግራት በኩራት ጀመረ፣ መሃል ላይ ድምፁ ወረደ፣ መጨረሻው አልተሰማም።

«ለሁሉም ከሙሉው ቆርጠህላቸዋል» አለች። «ከሰው የተረፈው ለኔ።»

ክፉ አላለችውም። ልቡን የቆረጠው ይህ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ፍቅር ብሎ ሲያጠራቅመው የኖረ ነገር በአንድ አፍታ ትርፍራፊ ሆኖ ፊቱ ቆመ፤ የሚያየው ነገር ጠፍቶት የእጁን አቧራ አራገፈ። ልጁን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ሄዶ ሙሉውን ጣውላ አነሣና አነጠፈው። አዲሱ በር ከአሮጌዎቹ ጋር በቀለም ስለማይገጥም አራቱንም ከአንዱ ሊያወጣ ነው። አራቱን በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው፤ ያቺን ትንሽ ምልክት መልሶ አበራት። ከአራቱ በሮች ወዲያ ሰፊ ቦታ ተረፈ። እጁ ሳያዘው የመደርደሪያ ቁራጮች ጎትቶ እዚያ ባዶ ላይ መሸጎጥ ጀመረ። አንድ፣ ሌላም። ናግላ ከትከሻው በላይ ትመለከታለች። ዋጊህ የገዛ እጁ አሳፈረው። ያመጣቸውን አንድ ባንድ አጠፋቸው፤ ባዶው ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ማሽኑን አስነሣ።

ጋንዱር በሮቹን ለማንም ሠራተኛ ሳይሰጥ ራሱ ወለወላቸው። በዚህ ጊዜ ጠየቀ፦ መስመሩ እንዲህ ነው አይደል የሚሄደው አለ። ዋጊህ ቆሞ እያየ፣ እንዲህ ነው አለው።

እና ዛሬ ጠዋት ተሰቀሉ! መስመሩ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የአንድ ግንድ ልጆች መሆናቸውን ይናገራል። ሐጃ ኢንሺራሕ መዳፋቸውን በአራቱም ላይ አወረዱ፤ አራቱም ላይ ወረደ። እልልታውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ «ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ሞልቷል» ብለው ናግላን እጇን ይዘው አስገቧት። ዋጊህ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ የሚለውን ሁሉ የጫማውን ጫፍ እያየ ይመልሳል። ፎቶ አንሺው ሲቸገር ናግላ መጥታ በጣቷ አገጩን ከፍ አደረገችው።

«ቀና በል አባዬ። እኔ አንተን ነው ከጎኔ የምፈልገው።»

ቀና አለ። ፎቶው ላይ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ቢሆንም ቀና ብሏል።

ሌላ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን የዋጊህ እኅት ፋውዚያ በሩ በወንድሟ ጀርባ ሲመለስ አይታ፣ ሰርጉ ፈረሰ ብላ እያለቀሰች ነው ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ወደ ኢዝበት አል-ቦርግ የሄደችው። እስካሁን ለዓሣ ነጋዴው ሁሉ አውርታዋለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነው፤ ከእኔ በፊት ማንም እንዳይነግራት፣ ሄድኩ።