ዋስ ያጣው ሊቀመንበር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሶሉ የተገነጠለ ጫማዬን ይዤ ሰቆጣ ገበያው ዳር ከሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። አጠገቤ አራት ወጣቶች ቆመው ስለ አንድ የእንግሊዝ ክለብ ይከራከራሉ። አንዱ ባለቤትየው ሸጦ ይውጣ ይላል፤ ሌላው የባሰ እንዳይገዛው ይፈራል፤ ሦስተኛው ጥፋቱ የባለቤቱ ሳይሆን የሾማቸው ዳይሬክተሮች ነው ብሎ ስማቸውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወርደዋል። አራተኛው በቅርቡ ከደብረ ታቦር ተቀይሮ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ደጋፊው ሳይጠየቅ ክለብ አይሸጥም ብሎ ግንባሩ ላብ እስኪያወጣ ይሟገታል። ከአራቱ አንዱም ያንን ስታዲየም በዓይኑ አላየውም፣ የሚያየውም አይመስለኝም፤ እኔ ግን አልሳቅሁባቸውም። ማስቲሽና የክለብ ባለቤትነት ክርክር ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አብረው የሚሸቱ ነገሮች ናቸው።

አባቴ ኪሮስ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በድንጋይ ቤታችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሶ ይውላል፤ ወገቡ ቀና የሚለው እሁድ፣ የላይ ሰፈር ቡድን በሚጫወትበት ቀን ብቻ ነው። ቡድኑን ያቋቋመው እሱ ነው። ከወልድያ ያስመጣት አንዲት የቆዳ ኳስ ነበረች፤ የውስጥ ላስቲኳ፣ ካላማዳሪያዋ፣ ሲተነፍስ በማስቲሽ የሚለጥፋት፣ ስፌቷ ሲፈታ በሰም በታሸ ክር የሚሰፋት፣ ስትደርቅ ቅቤ የሚቀባት እሱ ነው፤ እናቴ ለራሷ ፀጉር ያጣችው ቅቤ ኳሷ ላይ ሲያብረቀርቅ እያየች «ይቺን ጣውንት የሰጠኝ እግዜር ነው» ትል ነበር። ማሊያዎቹም የእሱ ሥራ ናቸው፤ ከነጭ አቡጀዲ ተሰፍተው ቁጥራቸው ከአሮጌ ቀይ መጋረጃ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ቀዩ በታጠበ ቁጥር ስለሚለቅ ቡድናችን መስከረም ላይ ነጭ ሆኖ ይጀምርና ሰኔ ላይ ሮዝ ሆኖ ይጨርሳል፤ የታች ሰፈር ልጆችም «ሙሽሮቹ መጡ» እያሉ ይቀበሉናል።

ሜዳው አንድ ጎኑ ዳገት ነው፤ ከዕረፍት በፊት ሽቅብ የተጫወተ ከዕረፍት በኋላ ቁልቁል ስለሚጫወት ማንም አይበደልም። አጥቂያችን ከጎረቤት ወረዳ ከደሃና ገብስ በአህያ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ነበር፤ አህያውን ከጎሉ ጀርባ አስሮ ሁለት ያገባና ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገዱን ይቀጥላል። ችግሩ በረኛችን ነበር። በረኛችን የአባቴ የእህቱ ልጅ ነው፤ መልከ መልካም፣ ሥርዓት ያለው፣ ኳስ ሲመጣ ግን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ልጅ። በታች ሰፈር ሦስት ጊዜ ተከታትለን ስንሸነፍ ደጋፊው ማጉረምረም ጀመረ፤ አባቴ ግን «ልጁ ይለምዳል» ይል ነበር።

ያን ጊዜ ነው ድሬሰር ምናሉ የተነሣው። ድሬሰር የምንለው ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የሚወጋውንና ቁስል የሚያጥበውን ሰው ነው። ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሄጃው ሜዳው ብቻ ነው። አንድ እሁድ ከሽንፈት በኋላ ከወይራው ጥላ ሥር ቆሞ፣ ቡድን የአንድ ሰው ርስት ሊሆን እንደማይገባው፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ያለው ኮሚቴ መመረጥ እንዳለበት፣ በረኛውንም መምረጥ ያለበት ኮሚቴው እንደሆነ ተናገረ። ንግግሩ የተማረ ሰው ንግግር ነበርና ደጋፊው አጨበጨበ። አባቴ ኳሷን በብብቱ ይዞ ወደ ቤት ገባ፤ ያን ቀን እራቱን አልበላም።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ ሙሉ ሰፈሩ ጨዋታውን ትቶ ክርክሩን ያዘ። ቡድኑ የማን ነው? የአባቴ ወገኖች ያለ ኪሮስ መርፌ ቡድን አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሌሎቹ ሲመልሱ «ልጆቹን የወለድን እኛ፣ ማሊያውን የሰፋ እሱ፤ ከመቼ ወዲህ ነው ልብስ ሰፊ የልጅ ባለቤት የሆነው?» ይላሉ። ጠላ ሻጯ እትዬ ዝማም ከጨዋታ በኋላ ልጆቹ የሚጠጡት ጠላ ከየት እንደሚመጣ እንዳይረሳ አሳሰቡ። የሜዳው ሣር የበሬዎቹ ግጦሽ ነው የሚል ሰው ተነሣ። የአጥቂያችን አጎት ደግሞ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ረዥም ነገር ተናገረ፤ ሲተረጎም፣ ጎሉን የሚያገባው እግር የደሃና እግር ስለሆነ ደሃናም ድርሻ አላት ማለቱ ነበር። አባቴ በረኛው ዘመዱ እንደሆነ በተነሣበት ቁጥር ጆሮው ይቀላ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጬ የአባቴን ስም የሚያነሣውን ሁሉ እየቆጠርኩ ቂም እይዛለሁ።

ነገሩ ሊበርድ ስላልቻለ በአራተኛው እሁድ ለዳኝነት ቀረበ። ዳኛው አቶ በሪሁን የሚባሉ፣ መሬትም ጋብቻም ሲያጣላ ሰፈሩ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኳስ ምን እንደሆነ አጥርተው ባያውቁም ክርክር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ድሬሰሩን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። ግን መጀመሪያ ዋስ ጥራ» አሉት። በእኛ ዘንድ ሙግት ያለ ዋስ አይጀመርም፤ እያንዳንዱ ተሟጋች የሚፈረደውን እንደሚቀበል የሚቆምለት ሰው ማቅረብ አለበት፤ እሱ ቢያፈርስ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ለአባቴ ዋስ ለመሆን ሦስት ሰው አንድ ላይ ተነሣ። ለድሬሰሩ ግን ማንም አልተነሣም። ሦስት እሁድ ሙሉ ሲያጨበጭቡለት የነበሩት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። አልፈርድባቸውም። እሱ ነገ ዝውውር ቢመጣለት አገሩ የሚገባ እንግዳ ነው፤ እነሱ ግን ከኪሮስ ጋር የክፉ ቀንም የደግ ቀንም ጎረቤት ናቸው።

ድሬሰሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰው የለኝም» አለ፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። አቶ በሪሁንም ዋስ የሌለው አይሟገትም ብለው በትራቸውን አንሥተው ሊነሡ ሲሉ እኔ በደስታ ከአጥሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሙግቱ ሞተ፤ ቡድኑ የእኛ ነው።

አባቴ ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለና «ዋሱ እኔ ነኝ» አለ።

«ባለጋራህ ነው እኮ» አሉት አቶ በሪሁን።

«አዎ፣ ባለጋራዬ ነው። እንግዳም ነው። በእኛ አደባባይ ሰው አጣሁ ብሎ አይመለስ።»

እንዲህ ሆኖ አባቴ በገዛ ዋስትናው ተሟግቶ ተረታ። አቶ በሪሁን ቡድኑ የሰፈሩ ነው፣ ኮሚቴ ይመረጥለት፣ ኪሮስ ደግሞ መሥራች ተብሎ ይከበር ብለው ፈረዱ፤ በረኛ መምረጥ የማይችል መሥራች መሆኑ ነው። እጅ እያወጡ ድሬሰሩን ሊቀመንበር አደረጉት፤ «ሹመት ያዳብር» ብሎ መጀመሪያ የጨበጠውም አባቴ ነበር። ኳሷንና ማሊያዎቹን በሚቀጥለው እሁድ በዳኛው ፊት ሊያስረክብ ቃል ገባ።

እኔ ግን ምንም ቃል አልገባሁም። ቅዳሜ እናቴ ገበያ፣ አባቴ ሥራው ላይ ሳሉ ኳሷን ከተሰቀለችበት አውርጄ ጎታ ውስጥ ገብሱን ምሼ ቀበርኳት። እሁድ ጠዋት አባቴ ቤቱን ሁሉ ፈተሸ፤ ከአልጋው ሥር፣ ከስፌት መኪናው ኋላ፣ ከቆጡ ላይ። «ለምለሜ፣ ኳሷን አይተሻል?» አለኝ። ዓይኑን እያየሁ «አላየሁም» አልኩት። ማሊያዎቹን ብቻ በአንሶላ ቋጥሮ ሄደ።

ያሰብኩት፣ ኳስ ከሌለ ርክክብ የለም፣ ርክክብ ከሌለ አባቴ አይሻርም ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲጠብቅ አባቴ አንሶላውን ፈትቶ ማሊያዎቹን አስቀመጠና ኳሷ ከቤቱ እንደጠፋች ተናገረ። ከኋላ አንዱ «ለሌላ ዋስ ሆኖ ራሱ ካደ» ሲል ሰማሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰፈር አንድ ስንዝር ጨርቅ ያላጎደለ ሰው ነው ካደ የተባለው። አባቴ አልተቆጣም፤ «ከእኔ ቤት የጠፋ ዕቃ ነው፣ የምጠየቀውም እኔ ነኝ» ብሎ ቆመ። ዋሶቹ እንኳ ወደ ሌላ ያዩ ነበር። አቶ በሪሁን እስከ ከሰዓት ፈልጎ ያምጣ ብለው በተኑን። በዚያች ሰዓት አባቴን ያዋረድኩት ድሬሰሩ ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ ገባኝ።

ለአባቴ ልናገር አልደፈርኩም። ኳሷን ከጎታው አውጥቼ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በጓሮ በጓሮ እየሄድኩ ድሬሰሩ የተከራያት ክፍል ደረስኩ። እሱ ደጃፉ ላይ ብቻውን ቆሎ እየበላ ነበር። ኳሷን ሰጥቼው ቆምኩ፤ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝና ለቅሶ ብቻ መጣ። ድሬሰሩ ኳሷን አገላብጦ አያት፤ ከስፌቱ መሐል የገባውን ገብስ በጥፍሩ አንድ በአንድ ለቀመ።

«አባትሽ ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ፊትሽን ታጠቢና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ድሬሰሩ ኳሷን ይዞ መጣና የሊቀመንበርነት የመጀመሪያ ንግግሩን አደረገ። አርብ ዕለት ኪሮስ በሌለበት ኳሷን ልያት ብሎ ከበረንዳው እንደወሰዳት፣ በሽተኛ በዝቶበት እንደረሳት፣ ኪሮስ ያለ ጥፋቱ እንደታማ ተናግሮ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ሳቅና ቁጣ አብረው ፈነዱ። ገና ሹመቱ ሳይደርቅ የሚረሳ ሊቀመንበር ምን ይሠራልናል የሚሉ ተነሡ፤ እንደገና ይመረጥ የሚሉም ነበሩ፤ እትዬ ዝማም «እንዲህ ከሆነ መርፌውንም ሰው ገላ ላይ ትረሳዋለህ» ብለው ሰፈሩን አሳቁበት። በሹመቱ ቢቆይም ዝንጉው የሚል ስም ወጣለትና ከእኛ ዘንድ ተቀይሮ እስኪሄድ ድረስ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ስም ተጠራ። አንድም ቀን አላስተባበለም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ትምህርቴን ይጠይቀኛል እንጂ ሌላ አያነሣም።

ኮሚቴው በረኛውን ቀየረ፤ ሽንፈታችን ግን ብዙም አልተቀየረም። አባቴ መሥራች ሆኖ ከወይራው ሥር ከደጋፊው ጋር ተቀመጠ፤ ካላማዳሪያዋን መለጠፉንም ሳይጠየቅ ቀጠለ። ከድሬሰሩ ጋርም እሁድ እሁድ ከጨዋታ በኋላ እትዬ ዝማም ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስለ ቡድኑ አንድም ነገር ሳይስማሙ ያመሻሉ።

አሁን ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ ከተጫዋቾቹ ገሚሱ ዓረብ አገር ሄደ፣ ገሚሱ አዲስ አበባ ቀረ፣ ገሚሱን አፈር በላው። አባቴ ያረፈው መንገዱም ስልኩም በጦርነቱ በተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ብዙ ወዳጆቹ ሳይሰሙ ቀበርነው። ስልኩ ሲከፈት ቁጥሩን ከሰው አፈላልጌ ጎጃም ደወልኩና ለድሬሰር ምናሉ አረዳሁት። ሽማግሌው ብዙ አለቀሰ። ከዚያ እኔ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን፣ አባቴ ሳያውቅ እንዲሞት ያደረግሁትን ነገር አንሥቼ፣ ስለዚያች እሁድ ምስጋናዬን ነገርኩት።

«አባትሽ በማግስቱ ጠዋት ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ» አለኝ። «ጎታው ዙሪያ ገብስ ፈስሶ አይቷል። አመሰገነኝና፣ ልጄ እንዳወቅሁባት እንዳታውቅ፣ አንገቷን ደፍታ እንዳታድግብኝ ብሎ አስማለኝ። አሁን እሱ ስለሌለ ነው የነገርኩሽ።»

ለባለጋራው ዋስ የሚሆን ሰው ዛሬ በሰፈራችን ብፈልግ አላገኝም፤ ራሴንም ስጠይቅ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እኔ በእንደዚህ ዓይነት ሁለት ሰዎች መሐል አድጌአለሁ። ከዚያች እሁድ በኋላ አባቴ ዳረኝ፣ ልጆቼን ክርስትና አስነሣ፣ ሽምግልናውን እኔው ቤት ጨረሰ፤ በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ሲለኝም ማወቁን አንድ ቀን እንኳ ፊቱ ላይ አላየሁትም።