ገብሱ የተወው ቦታ

ዛሬ ጠዋት የሟች እናቴን ባና ከአፈር ውስጥ ሳወጣው ሰው የተኛበት መሰለኝ።

ሠዓሊ ነኝ። ክረምት ሲገባ ያንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ሞላሌ ከተማ፣ ጓሯችን ውስጥ አነጠፍኩት፤ አፈር አልብሼ ገብስ ዘራሁበት። ሥሩ በባናው ውስጥ እያለፈ የፈለገውን ይሳል ብዬ ነው።

ለኤግዚቢሽን «የእኔና የገብሱ የጋራ ሥራ» ልለው ነበር። ገብሱ ግን አላማከረኝም።

ነጭ ሥር ባናውን እንደ ጥልፍ ሸፍኖታል። አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ምንም የለም። ባዶው ቦታ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ይመስላል።

«ስትታመም ላቧ ገብቶበት ይሆናል። ጨው ሥር አያስጠጋም» አልኳቸው ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን።

እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ባናውን ብቻ ያያሉ።

«አሁንም ጥግ ይዛ ነው የተኛችው» አሉ በመጨረሻ። «ላንቺ ቦታ ትታ።»

ልጅ ሆኜ እዚያ ባና ውስጥ አብረን ነበር የምንተኛው።

ኤግዚቢሽኑ ቀርቷል። እናንተስ የሞተባችሁን ሰው ልብስ ምን አደረጋችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ።

የእኔው ባና አጥር ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነው። ማታ ብርዱ ሲመጣ የት እንደማሳድረው አላውቅም።