ቀይ መንጠቆ በድፍርስ ውሃ

ባለፈው ሳምንት የቧንቧ ዕቃ ፍለጋ አዳማ ገበያ ወጥቼ፣ በአንድ ሱቅ መስኮት ላይ በካርቶን ላይ የተሰኩ የዓሣ መንጠቆዎች አየሁ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ባለሱቁ ዓይኔ መቆሙን አስተውሎ፣ «አባባ፣ ቀዩን ይውሰዱ፤ ዓሣ እሱን ይወዳል» አለኝ። የመጣሁበትን ረስቼ አንድ ቀይ መንጠቆ ገዝቼ ወጣሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ፣ ይህንኑ ቃል ገመቹ ከሚባል ወጣት አፍ ሰምቼዋለሁ። ዘመኑ የደርግ ነበር። መረቡም ጀልባውም የአስጋሪዎች ማኅበር ስለነበር፣ አባል ያልሆነው ገመቹ ከሐይቁ ዳር ቆሞ በመንጠቆ ብቻ ያጠምድ ነበር። ታላቅ እኅቴን አስቴርን ይወዳት ነበር፤ እሷም ትወደው ነበር። ለፋሲካ የገዛችውን የጥፍር ቀለም ሰጠችውና መንጠቆውን ቀይ ቀባው። በዚያው ቀን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከወትሮው አብዝቶ ስለያዘ፣ ከዚያ ወዲያ በቀዩ መንጠቆ መማል ጀመረ።

ሽማግሌዎች በላከ ጊዜ፣ የሳይንስ መምህር የነበሩት አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «በምን ያስተዳድራታል?» ከሽማግሌዎቹ ቀልደኛው አቶ ቱሉ ቀበል አድርገው፣ «መንጠቆውን ቀይ ቀብቶታል እኮ! ዓሣው ለቀበሌ ስኳር እንደሚቆም ሰው ተሰልፎ ነው የሚመጣለት» አሉ። ሁሉም ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «እንግዲያውስ እንፈትነው» አሉ። ቀዩ ካልተቀባው መንጠቆ ከበለጠ ልጃቸውን ሊሰጡ፣ ካልበለጠ ጥያቄው ዳግም ላይነሳ ተስማሙ።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሐይቁ ወረድን። የእርጥብ ደንገልና የጭቃ ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም። ገመቹ ቀዩን መንጠቆ ይዞ ደንገሉ አጠገብ ቆመ፤ አባቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ያልተቀባውን ይዘው፣ ራቅ ብለው ቆሙ። ክሩ አንድ ዓይነት፣ ትሉም ከአንድ ጣሳ። አስቴር ልብስ ለማጠብ የመጣች መስላ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ቆሮሶው ወደ ገመቹ ተከታትሎ መጣ፤ የአባቴ ክር ግን ዝም አለ። እኔ እዘላለሁ፤ አስቴር አንዱን ሻሽ ደጋግማ ታለቀልቃለች።

ያን ጊዜ ገመቹ፣ «ጋሼ፣ ቦታ እንለዋወጥ። ኋላ በቦታው ነው እንዳይሉኝ» አለ።

አስቴር የአባታችንን መኖር ረስታ፣ «ተው እንጂ ገመቹ!» ብላ ጮኸች።

እሱ ሳቀ። «አይዞሽ፤ ዓሣው ቀዩን እንጂ ቦታውን አያውቅም።»

ተለዋወጡ። ዓሣው ግን ከደንገሉ ንቅንቅ አላለም። ያልተቀባው መንጠቆ በአባቴ እጅ ዓሣ ማውጣት ጀመረ፤ ቀዩ ባዶውን ተመላለሰ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገመቹ ራሱ ክሩን ጠቀለለ። አባቴ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ውሃ ቀዱ፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስል ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ምን ቀለም ይታያል? ሐቀኝነትህን አይቻለሁ፤ እንጀራህን ግን አላየሁም» አሉት።

«እውነትዎን ነው» አለ ገመቹ።

ብዙ ሳይቆይ አስቴርን፣ «ደመወዝተኛ ሆኜ እመለሳለሁ» ብሏት ወታደር ሆነ። ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በዚያው ቀረ። ሞቱን የነገረን፣ መኖሩንም የነገረን የለም። አስቴር ከዚያ በኋላ የመጡትን ሽማግሌዎች ሁሉ መለሰች። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ዓሣ አልቀመሱም፤ ስለዚያ ቅዳሜም አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሥራ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ ስህተት ፈልጌ ያጣሁበት ነገር ቢኖር ያ ፈተና ነው።

ያኔ ዓሣ ሞልቶ ባለቀለም መንጠቆ ብርቅ ነበር። ዛሬ መንጠቆው በየቀለሙ ሞልቷል፤ ዓሣው ነው የጠፋው። ሐይቁም ሸሽቷል፤ ያን ቀን የቆምንበት ዳርቻ ሽንኩርት ይተከልበታል።

ከአዳማ ገበያ ተመልሼ ቤት ስገባ የገዛሁትን መንጠቆ አስቴር ፊት አኖርኩት። እርጅናችንን አብረን የምንገፋው እኔና እሷ ነን። መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«የእኛው ይበልጥ ይደምቅ ነበር» ብላ መንጠቆውን መለሰችልኝ።