እትዬ ምሰሶ የተቀመጠችበት ቀን

ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለው አዳራሽ፣ ቤት ለሌላቸውና ኑሮ ለከበዳቸው ጎረቤቶች በየቀኑ ምሳ የምታበላው ሴትዮ፣ ቤት የሌለው ሰው ከምድር እስኪጠፋ ድረስ ላትቀመጥ ተስላለች ይባላል። ወሬው በዚህ አያበቃም። እንደ ፈረስ ቆማ ነው የምትተኛው። አልጋዋን ለአንድ አንካሳ፣ ወንበሮቿን ለአንዲት አራስ ሰጥታለች። ስብከቱ ረዝሞ ምእመኑ በየአግዳሚው ሲያንቀላፋ እንኳ እሷ ምሰሶ ተደግፋ ታዳምጣለች። በዚህ ምክንያት ስሟ እትዬ ምሰሶ ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ቢኖር እናቷ ብቻ ናት፤ እሷም ትጠራጠራለች።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ፈረስም ቢሆን ሰው ሳያየው ጋደም ይላል። ደግሞም ስለት ያለበት ሰው ፊቱ ረጋ ይላል፤ የእሷ ፊት እሳት ላይ ወተት ጥዶ የወጣ ሰው ፊት ነው። ጭልፋው በአንድ እጇ፣ ጨርቁ በሌላው፣ ዓይኗ በሩ ላይ፣ ጆሮዋ መንገዱ ላይ ነው። እንዲህ ተበታትና የምትውል ሴት ለመቀመጥ መጀመሪያ ራሷን መሰብሰብ ይኖርባታል።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በረድፍ የተመቱ ሚስማሮች አሉ። እያንዳንዱ ተመጋቢ የራሱ ኩባያ አለው፤ ኩባያውም የራሱ ሚስማር። ማንም ከክምር ተነስቶ በሚታደል ዕቃ አይጠጣም፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ጎዳና የሚያድር ሰው አድራሻ የለውም የሚል ካለ፣ መጥቶ ያንን ግድግዳ ይይ። ኩባያ ከሚስማሩ የሚወርደው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። ባለቤቱ ቤት ካገኘ ኩባያውን ኪሱ ከቶ እያፏጨ ይሄዳል። ከሞተ ደግሞ የሰበካው ቄስ፣ አባ፣ ራሳቸው ያወርዱታል፤ ጸሎትም ይደረጋል።

ከተመጋቢዎቹ አንዱ ጋሼ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው፣ አሁን የተዘጋ ጎማ ቤት በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሽማግሌ። ደረታቸውን ታመዋል። የሰበካዋ ነርስ መድኃኒታቸውን ለእትዬ ምሰሶ በአደራ ሰጥታ፣ በየቀኑ ከምሳ ጋር ካልተዋጠ በሽታው ይደነድንና መድኃኒቱን ይንቀዋል ብላ አስጠንቅቃታለች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ምሰሶ የጋሼን ሳል ከመንገድ ማዶ ትለያለች። የዘገዩ ቀን ድስቷ ሳይሆን እሷ ናት የምትንተከተከው።

የጋሼ ኩባያ እጀታ ላልቶ፣ ትኩስ ነገር በያዘ ቁጥር እየተንጋደደ ጣታቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። አንድ ዝናባማ ጠዋት እትዬ ምሰሶ ለበጎ ብላ ኩባያውን አወረደችና፣ ለማንም ሳትናገር በላስቲክ ጠቅልላ ብየዳ ቤት ሮጠች። በያጁ ደግሞ ቶሎ የሚባል ቃል ያልተማረ ሰው ነው። መነጽሩን ፈልጎ እስኪያገኝ አንድ ንጉሥ ነግሦ ይወርዳል።

ስትመለስ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆኗል። አንዱ ባዶውን ሚስማር አይቶ «ወይኔ ጋሼን» አለ። ከጎኑ ያለው ሲያስሉ አድረዋል ብሎ ጨመረ። ቀጣዩ ሬሳቸውን በዓይኑ አይቷል፤ ከሱ ቀጥሎ የነበረው ተሸክሟል፣ ትከሻውም እስካሁን ያመዋል። ልብስ አጣቢዋ፣ ከጋሼ ጋር በሰልፍ ተራ ሳትጣላ የዋለችበት ቀን የሌለ ሴትዮ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው የለም እያለች ደረቷን ትደቃለች። ጫማ ጠራጊው ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ የጋሼን በረንዳ ለመረከብ ተሰናድቷል፤ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ማየት አንጀቱ ስላልቻለ ነው ይላል። አባም ይህ ሁሉ ምስክር ሊሳሳት አይችልም ብለው ነፍስ ይማር ብለዋል፤ ጸሎቱም ተደርጎ አልቋል።

እትዬ ምሰሶ ማን እንደሞተ ጠየቀች። ነገሯት። እጇ ላይ ያለው ኩባያ ከብየዳው ገና አልበረደም ነበር።

ስህተቱ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም፤ የከፋው ግን የአዳራሹ በር ዘበኛ ቀጥሎ የተናገረው ነው። ቅድም አንድ ሽማግሌ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ አሜን አሉ፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

«ታዲያ ጋሼ መሆናቸውን አታውቅም?»

«መልካቸው ቁርጥ እሳቸውን ነው። ወንድማቸው ናቸው ብዬ አጽናናኋቸው።»

እትዬ ምሰሶ ጭልፋውን ለአባ አስጨበጠች። ምሳ በምሳ ዕቃ ቀዳች፣ መድኃኒቱን ያዘች፣ ወጣች። ጋሼ አንዴ ከከተማ ከወጡ አበቃ። የድሮ ባልደረቦቻቸው በነጻ ያሳፍሯቸዋል፤ ደረታቸው እዚያ፣ መድኃኒታቸው እዚህ ይቀራል። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች እየያዛት በእንጨት መሸጫዎቹ መሃል ቆረጠች። ሳል በሰማች ቁጥር ዞረች፤ አንዱ ነጋዴ ነበር፣ አንዱ ደግሞ አልነሳ ያለ ሞተር ብስክሌት። ያዩዋት ሰዎች መኪኖቹ ዳር ይዘው አሳለፏት ይላሉ። አንድ አምቡላንስ እንኳ ቅድሚያ ሰጣት የሚሉም አሉ።

ጋሼ ሞተሩ በተነሳ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጠው የሾፌሩን ክላች አረጋገጥ ሲተቹ አገኘቻቸው።

«ለሞተ ሰው ምሳ ማመላለስ ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«አልሞቱም፣ ጋሼ።»

«ቄሱ ነፍሱን ይማር ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከቄስ በላይ ላውቅ ነው?»

ኩባያውን አውጥታ ሰጠቻቸው፤ የእጀታውን ነገር፣ የበያጁን መነጽር፣ የሰዉን ወሬ እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ጋሼ ኩባያውን አገላብጠው አዩት። ብየዳውን በጥፍራቸው ፈተሹት።

«ጥሩ ተበይዷል» አሉ። «በረንዳው የጎማ ቤቱ ነው። ብርድ ልብሱ የሰበካው ነው። የኔ የምለው ያ ሚስማር ብቻ ነበር። ባዶውን ሳየው፣ እንግዲህ ጨርሻለሁ ማለት ነው አልኩ። ለኔ ብለሽ ነው የወሰድሽው፣ ገብቶኛል። እኔን ግን አልጠየቅሽኝም።»

እትዬ ምሰሶ መልስ አጥታ አታውቅም፤ ለአባ መልስ አላት፣ አዳራሹን ዝጉ ለሚሉ ጎረቤቶችማ ሁለት ሁለት መልስ አላት። ይህን ስትሰማ ግን ከሾፌሩ ጎን ባለው የሞተር ክዳን ላይ ቁጭ አለች። ከኋላ ወንበር የሚያውቋት ሁለት ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«አልጠየቅኩም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ረዳቱ የማትሄድ ትውረድ አለ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው፣ ጋሼ የሚወርዱበት ከተማ እኔም እወርዳለሁ፣ ድስት የሌለበት ከተማ ደግሞ የለም አለች፤ እየተናገረችም የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች። ጋሼ በድንገት ወደ እሷ ዞሩ።

«ድስቱን ማን እጅ ጥለሽው መጣሽ?»

«አባ እጅ።»

የጋሼ ፊት ተለወጠ። አባ ደግ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጭልፋ ከያዙ ፊት ለቆመው ሰው እስኪፈስ ይቀዱለታል፣ ይመርቁታል፣ ይደግሙለታል፤ ሰልፉ ሳይጋመስ ድስቱ ሲፋቅ ይሰማል። ከሰልፉ ጭራ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቆሙት ዓይነ ስውር ባልና ሚስት ናቸው። ከበረንዳው ማዶ ካለው ጥግ እጃቸውን ይዘው የሚያመጧቸው ጋሼ ነበሩ።

«እነዚያን ሰዎች ዛሬ ማን አመጣቸው?»

እትዬ ምሰሶ አላወቀችም።

ጋሼ ብድግ አሉ። «ኩርባውን እንዳለፍክ አቁም» አሉት ሾፌሩን። «ክላቹንም ቀስ አድርገህ ልቀቅ፤ ሰው ነው የጫንከው።»

ከመውረዳቸው በፊት ግን ሁለት ጉርሻ አስበልታ መድኃኒቱን አስዋጠቻቸው። ይህን ሳታደርግ አውቶቡሱ አንድ እርምጃ አይሄድም ብላ የበሩን ብረት ይዛ ነበር።

ባልና ሚስቱን ከጥግ ይዘዋቸው ሲገቡ አዳራሹ ተናጠ። ልብስ አጣቢዋ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጫማ ጠራጊው ብርድ ልብሱን ፈታ፤ ከደስታው ብዛት ነው አለ። ድስቱ እንደተፈራው ተጠርጎ ነበርና እትዬ ምሰሶ ዳግመኛ ጣደች። ጋሼ ኩባያቸውን በገዛ እጃቸው ሰቀሉ። አባንም ከእንግዲህ ሬሳ ሳያዩ እንዳይጸልዩ ለመኗቸው። አባ የተደረገ ጸሎት እንደማይባክን፣ ቀኑ ሲደርስ እንደሚያገለግላቸው አስረዱ።

ዕቃ ሳይታጠብ የአውቶቡሱ ወሬ ደረሰ። እትዬ ምሰሶ ስለቷን ብታፈርስ ሙት ተነሳ ተባለ። ተቀምጣ ሳለች አውቶቡሱ ውስጥ ብርሃን ታይቷል፤ ረዳቱም ንስሐ ገብቷል። ልብስ አጣቢዋ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ፣ ድስት ወደምትፈትገው እትዬ ምሰሶ ተጠጋችና፣ ስለቱ በመፍረሱ መዓት ይወርድብን ይሆን ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

እትዬ ምሰሶ ቀና ሳትል መለሰች።

«ምንም ስለት የለብኝም። አልጋዬም ወንበሬም ቤቴ ነው፣ ለማንም አልሰጠሁም። ማታ ማታ እቀመጣለሁ፣ እግሬንም እሰቅላለሁ፣ ስተኛም አንኮራፋለሁ። እዚህ የምቆመው ወንበሩን ሁሉ እናንተ ይዛችሁት ነው።»