አባ ኳኳ መኪና ያገኘ ሰሞን

እናት አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ከተማው የሚያውቀው ግን «አባ ኳኳ» በሚለው ነው። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት የከተማው ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። የጫማው ተረከዝ ብረት ስላለው ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለ ይሰማል። አጥር ሥር ጠርሙስ ይዘው የተቀመጡት ኳኳታውን ሲሰሙ ጠርሙሱን ቦርሳ ውስጥ ከተው መጽሐፍ ይገልጣሉ፤ አንዳንዱ ደንግጦ ገልብጦ ይይዘዋል። ፖሊስ ባልደረቦቹ «በዚህ ጫማ ነው ሌባ የምትይዘው?» እያሉ ሲያሾፉበት፣ «ሌባው ሰምቶኝ ከሄደ ምን ጎደለኝ?» ይላል።

ሃያ ሁለት ዓመት በእግሩ ዞሯል። አሥራ ሁለት ፖሊስ ብቻ ባለው ጣቢያ የቀኑ ዙር የእሱ ነው፤ ከኮሌጁ በር ተነስቶ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቶቹ አልፎ፣ የተማሪዎቹን ማደሪያ ዞሮ ወደ መንደር ይወርዳል። የተዘጋ ሱቅ ካለ እጀታውን ይሞክራል፣ ሰላም ይላል፣ ሰዎች ስለ ኑሮ ሲያማርሩለት ይሰማል፣ ይሄዳል።

የዙሩ መጨረሻ እትዬ ናቸው። ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መጽሐፍ አዘግይቶ የመለሰን ተማሪ ዛሬም በመልኩ የማይስቱ ሴት ናቸው። ከአባ ኳኳ ጋር ውል አላቸው። ጠዋት መጋረጃ ይከፍታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ፤ እሱ ሲያልፍ መስታወቱን በጣቱ ይመታል፣ እሳቸው ከውስጥ «አለሁ፣ አልሞትኩልህም!» ይላሉ። መልስ ከጠፋ በሩን ሰብሮ ይገባል።

ዘንድሮ ጉልበቱ ከዳው። ደረጃ ሲወርድ ሚስቱ «በሩ ነው ወይስ አንተ ነህ የተንቋቋኸው?» ትለዋለች። ስለዚህ ጣቢያው መኪና ሲያገኝ ደስ አለው፤ ምን ያስዋሻል፣ በጣም ደስ አለው። ከመኪናው ጋር አዲስ ቅጽ መጣ። በየቦታው ስም ፊት ሳጥን አለ፤ ያዩ እንደሆነ ምልክት ማድረግ ነው። ለእትዬ ቤት «መጋረጃ ተከፍቷል» የሚል ረድፍ ያስጨመረው ራሱ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ዙር፣ ከመኪናው ሳይወርድ፣ በሃያ ደቂቃ ማለቅ ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በእትዬ ደጅ አለፈ። መጋረጃው ተከፍቷል፤ ምልክት አደረገ። ከሰዓት በኋላም ተከፍቷል፤ ምልክት አደረገ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲያስረክብ የማታው ተረኛ ቁልፉን እየተቀበለ፣ «እትዬን ትናንት ምን ነካቸው? መጋረጃቸው እንደተከፈተ፣ መብራታቸው እንደበራ ነው ያደረው» አለው።

አባ ኳኳ ክው አለ። ማታ ያልተዘጋ መጋረጃ ጠዋት ምን መከፈት ያሻዋል? ቀኑን ሙሉ ምልክት ሲያደርግ የዋለው በትናንቱ መጋረጃ ላይ ነበር። ቁልፉ የሰው እጅ ገብቷል፤ መልስልኝ ማለት እንኳ ትዝ ሳይለው በዚያ ጉልበቱ ሮጠ።

በሩን በትከሻው ሁለቴ ሲገፋው ተበረገደ። እትዬ ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ማክሰኞ ማታ መጋረጃ ሊዘጉ ሲሉ ምንጣፉ ጠልፎ ጥሏቸው ነው። ዳሌያቸው አላነሳቸው ብሎ እዚያው አድረው እዚያው ውለዋል። አምቡላንስ በሬዲዮ ጠራና ከንፈራቸውን በውሃ እያራሰ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«መጣህ?» አሉት።

«መጣሁ እትዬ። አይንቀሳቀሱ።»

«ጠዋት መኪናህ ሲያልፍ ሰማሁት። ግድ የለም፣ አሁን በእግሩ ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት ደግሞ ስታልፍ ጮህኩ። ሞተሩ በለጠኝ።»

አባ ኳኳ አፈረ፤ እጃቸውን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሐኪሞቹ ይድናሉ አሉ። በማግስቱ ጠዋት አባ ኳኳ የረቡዕን ቅጽ አወጣ፤ ሁለቱን ምልክቶች ሰርዞ በጎናቸው «አላየኋቸውም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቅጹንና የመኪናውን ቁልፍ የጣቢያው አዛዥ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

አዛዡ አነበበና ቀና አለ። «ጉልበትህስ?»

«ያመኛል» አለና ወጣ። ኳኳታው እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ተሰማ።