ጥሩምባው ሳይገባ

ዘይቱና ባሽርን የማያውቅ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል። ኸረ እንዴት አትታወቅም! ከአባቷ በወረሰችው የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ የእንጨት ሜትሯን እንደ መስመር ዳኛ ባንዲራ እያወዛወዘች፣ «ያቺ ኳስ ወጥታ ነበር እኮ!» እያለች ከመንገደኛ ጋር የምትሟገት ሌላ ሴት ደሴ ላይ የለችም። ጨርቅ ሊያስለካ የገባ ሰው የሆጤ ኳስ ሜዳን ወሬ ሰምቶ ይወጣል። የገዛውን ጨርቅ ረስቶ የሚወጣም አለ።

ሁለተኛው አመሏ ጃዝ ነው። አባቷ ባሽር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከአሰብ ጨርቅ ሲያመላልስ አንድ የሸክላ ማጫወቻና ጥቂት ሸክላዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ከሁሉም የምትወደው፣ ሽፋኑ ላይ አንድ ጥቁር ሰውዬ ጥሩምባውን አቅፎ ዐይኑን የጨፈነበትን ነው። ስሙን ማንበብ አትችልም፣ ግድም የላትም፤ «ጨፋኙ» ትለዋለች። አባቷ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ጨፋኙ የሚሰማው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ቤተሰቡ ይቀመጣል፣ ማንም አያወራም።

«ቃል የሌለው ዘፈን ምኑ ይጣፍጥሻል?» ይሏታል ጎረቤቶቿ።

«ኳስስ ቃል አለው እንዴ?» ትላለች። «እነዚህ ሰዎች ኳስ ነው የሚጫወቱት! አንዱ ይዞ ይወጣል፣ ሌሎቹ ቦታ ይለቁለታል። ጠፋ፣ አለቀለት ስትሉ ተመልሶ ለጓደኛው ያቀብላል። ደግሞ የዙር ጨዋታ አይደለም፣ ጥሎ ማለፍ ነው። የዙር ጨዋታ ትዳር ነው፤ ዛሬ ቢከፋ ነገ ይታረቁታል። ጥሎ ማለፍ ግን የኒካህ ቀን ነው፤ ያን ቀን የቀረ ቀረ!»

ጊዜው የደርግ ነውና ነገሩ የቀበሌ ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። ጓድ አብዱልወሀብ አንድ ጁምዓ ኮፍያውን እንዳጠለቀ ከተፍ አለ።

«እትዬ ዘይቱና፣ ቤትሽ ውስጥ የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ይሰማል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

ወገቧን ይዛ ተነሳች። «ማነው እሱ ጠቋሚ? ወላሂ ይሄ እንደ ከብት የተሸጡ የጭቁን ጥቁሮች ልጆች ለቅሶ ነው! ለጭቁን ቆመናል እያሉ፣ ጭቁን ሲያለቅስ ዝጊው ሊሉኝ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

ለጭቁን ሕዝብ ስንት ንግግር ያደረገ ሰው ምን ይበል? «እስቲ ... ይጣራ» ብሎ ቁጭ አለ። ሸክላው በሁለቱም ገጽ እስኪያልቅ አልተነሳም፤ በሚቀጥለው ጁምዓ ሳይጠራ መጣ።

እንግዲህ ዘይቱና ይህን ሁሉ የምታወራው ልቧ ሞልቶ እንዳይመስላችሁ። ልቧ አንድ ዓመት ሙሉ ቆስሎ ነበር። እናትና አባቷ ካረፉ ወዲህ የቀራት ሰው ታናሽ ወንድሟ የሱፍ ነው፤ የሱፍ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ቡድን በረኛ ነው። ባለፈው ዓመት የዋንጫ ጨዋታ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ቡድን ጋር ተገናኝተው በመለያ ምት ተለያዩ። የመጨረሻዋን ሊመታ የመጣው ቀጭን አጥቂ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ኳሷ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አለ። የሱፍ አልቻለም፤ ወደ ቀኝ ተወርውሮ ተጋደመ። አጥቂው የተጋደመውን ሰው ቁልቁል አየውና፣ ኳሷን ወደ ግራ እንደ ጫጩት ቀስ አድርጎ ነዳት። የሱፍ ከመሬት ሆኖ ስትገባ አያት።

ከዚያ ወዲያ የሰው ጥርስ ውስጥ ገባ። «ተኝቶ ጠባቂ» አሉት። ደሴ ደግሞ ስም ካወጣች አወጣች ነው! ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ «ፍራሽ ይነጠፍልህ?» የሚለው አይጠፋም። ልጁ በሱቁ በር መውጣቱን ተወ። በጓሮ በር ይወጣል፣ በጓሮ በር ይገባል፣ በአጥር ሥር ልክ እንደ ሌባ። ዘይቱና ያ የጓሮ በር ሲንቋቋ በሰማች ቁጥር የምትለካውን ጨርቅ ትታ ወደ ጓዳ ታያለች።

ዘንድሮ ቡድኑ እንደገና ለዋንጫ አለፈ፤ ተጋጣሚው ያው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሆነ፤ ሜዳውም ኮምቦልቻ። አሰልጣኙ ጀላል ሱቅ ድረስ መጣ።

«በጨዋታ የሱፍን የሚተካ የለኝም» አላት። «ወደ ፔናሊቲ ከሄድን ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ፈርቷል። እሱም አልቆምም እያለኝ ነው።»

ማታ ወንድሟን ያዘችው። «ለምን አትቆምም?»

«እትዬ፣ ደግሜ ከተዋረድኩ ደሴ አልኖርም። አሰብ ወርጄ ወደብ ላይ ሸክም እሸከማለሁ። እዚያ ማንም አያውቀኝም።»

ዘይቱና አሰብ ከሄደ እንደማይመለስ ታውቃለች፤ የሄዱት የሰፈር ልጆች መች ተመለሱና!

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። የጨፋኙን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጡ። አሁን ስለዚህ ሸክላ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መካከሉ ላይ የተጫረ ቦታ አለ። የሱፍ ልጅ ሳለ ቤት ውስጥ የጨርቅ ኳስ ሲለጋ መርፌውን መትቶ የጫረው ነው። አባታቸው አልገረፈውም፤ መርፌው እንዳይዘል የማጫወቻው ክንድ ላይ ሳንቲም ለጠፈና «ይህ እንግዲህ ያንተ ቦታ ነው» ብሎት አለፈ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ጥሩምባው ዝም ብሎ ከበሮ ብቻ ነው የሚመታው፤ መርፌው ይያዝና ያው ከበሮ ይደጋገማል። አንዳንዴ ቶሎ ይለቃል፣ አንዳንዴ «ኸረ ተሰበረ!» እስኪባል ይቆያል። ከዚያ ድንገት ጥሩምባው ይገባል፤ ሲገባ ቤቱ በፀሐይ የተሞላ ይመስላል።

ያን ጁምዓ ዘይቱና የወንድሟን እጅ አየች። ከበሮው ሲደጋገም የሱፍ አሁን ጥሩምባው ይገባል ብሎ ጣቱን ጉልበቱ ላይ መታ። ጥሩምባው አልገባም። ደግሞ መታ፤ አልገባም። በሦስተኛው ሳያስበው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነበር።

«አንተ!» ብላ ጮኸች። ጓድ አብዱልወሀብ ደነገጠ። «ሁልጊዜ ትቀድመዋለህ!»

«ማንን?» አለ የሱፍ።

«ጥሩምባውን! አጥቂውን! ሁሉን ነገር ነው የምትቀድመው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም? ና፣ ውጣ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ የታየው አጃኢብ ነው። ማጫወቻው መስኮት ላይ ይቀመጣል። የሱፍ ግድግዳው ሥር ይቆማል። ዘይቱና ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ትቋጥርና ኳሷን ከፊቷ ታስቀምጣለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ጥሩምባው ሳይገባ እሷ አትመታም፣ እሱም እግሩን ካነቃነቀ ተሸነፈ። ከበሮው ይደጋገማል፤ እሷ እመታለሁ ብላ ታስመስላለች፣ ትሮጣለች፣ ትቆማለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የየሱፍ ልብስ ጭቃ ብቻ ሆነ፤ ተወርውሮ ወድቆ ካበቃ በኋላ ነው ጥሩምባው የሚገባው። ጎረቤቷ ሐምዲያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ያ ረቢ፣ ይቺን ሴት ሐኪም ይያት!» ትላለች። ዘይቱና ትስቅና ሸክላውን እንደገና ታስቀምጣለች። እያደር ልጁ መቆም ቻለ። ከበሮው እስከፈለገው ይደጋገም፣ እሱ ቆሞ ይሰማል።

የጨዋታው ቀን በኤንትሬ ጭነት መኪና ተጭነው የሀረጎን ቁልቁለት ወረዱ። ለደሴ ብርድ ለብሰው የተነሱት ሰዎች ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ሜዳው ጢም ብሏል። ፋብሪካው የኪነት ቡድኑን ከነከበሮው ከነጥሩምባው አሰልፎ መስመሩ ዳር አቁሟል። ጨዋታው ግብ ሳይቆጠር አለቀና፣ የፈሩት አልቀረም፣ መለያ ምት ተባለ፤ የሱፍም ግቡ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ዘይቱና የጓድ አብዱልወሀብን ክንድ ጨብጣ ያዘች፤ ሊቀመንበርነቱን ረስታዋለች።

አንዱ አገባ፣ አንዱ ሳተ፤ በመጨረሻ ደሴዎች በአንድ በለጡ። ያ ቀጭን አጥቂ ኳሷን አቅፎ መጣ። የሱፍ ይህችን ካዳነ ዋንጫው የደሴ ነው። ከኮምቦልቻ በኩል «ተኝቶ ጠባቂ! ፍራሽ አምጡለት!» የሚል ሳቅ ፈነዳ። የኪነቱ ከበሮ ጀመረ፤ ያንኑ ምት ደጋግሞ፣ ደጋግሞ።

አጥቂው ሮጠ። ከደሴ በኩል ሁሉም በፍርሃት «በቀኝ! ውደቅ! በግራ!» ይላል። ዘይቱና ብቻ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወልቆ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

«የሱፍ! ጥሩምባው አልገባም!»

አጥቂው ኳሷ ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። የሱፍ አልተነቃነቀም። አጥቂው ጠበቀ፤ የሱፍም ጠበቀ። እኔ ብሆን ወድቄ ነበር፤ እናንተም ትወድቁ ነበር! በመጨረሻ የሚወድቀውን ሰው ሲጠብቅ ወኔው የከዳው አጥቂው ሆነ፤ ወደ ግራ መታት። የኪነቱ ጥሩምባ ነፊም ግብ መሰለውና ቸኩሎ ነፋ። ጥሩምባው ገባ። የሱፍ ተወረወረ፤ ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ አጣብቋት ወረደ።

ዘይቱና እልልታዋን ለቀቀችው። ጮቤ ረገጠች፣ አለቀሰች፣ ጓድ አብዱልወሀብን በጥፊ ይሁን በእቅፍ ባልለየ ነገር መታችው፤ እሱም ኮፍያውን ወደ ላይ ወርውሮ ዳግመኛ አላገኘውም። «አልሀምዱሊላህ! የእኔ ጌታ! የባሽር ልጅ!» እያለች ሜዳ ገባች። ወንድሟን ስታገኘው ኳሷን ገና አልለቀቃትም ነበር።

«አየሽኝ እትዬ?» አላት እያለቀሰ። «ቆሜ ሰማሁት።»

ወደ ደሴ ሲመለሱ ሀረጎን በዘፈን አሞቁት። ከዚያ ወዲህ ደሴ ላይ ገበያተኛ በዋጋ ሲያጣድፉት፣ ሙሽራ ሲያስቸኩሉት፣ «ቆይ እንጂ፣ ጥሩምባው አልገባም!» ማለት ተለመደ።

በማግስቱ ጠዋት ዘይቱና ሱቁን ልትከፍት ስትነሳ ቁልፉን ቦታው ላይ አጣችው። የሱፍ ቀድሟት የፊት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ደፉ ላይ ቆሞ ከመንገደኛው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ሐምዲያ ከማዶ «ማሻአላህ፣ በረኛችን!» ትለዋለች። ዘይቱና ወደ ጓዳ ገብታ፣ አዲስ የመጡትን የጨርቅ ጣቃዎች አንድ በአንድ እያነሳች፣ የጓሮ በሩ እስኪጠፋ ድረስ ደረደረችበት።